የማኅበር ምርጫ በራሪ ወረቀት የት ይታተም? ከስድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም ያሉ የኅትመት ቤቶች ሲመዘኑ

ለሠራተኛ ማኅበር አመራርነት የሚወዳደር ሰው ከማተሚያ ቤት የሚፈልገው ብዙ አይደለም፦ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ ሦስት መቶ ምናምን ቅጂ። መሀል አዲስ አበባ ላይ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚገባበትን ቤት ለመረጠ ማለት ነው። ላልመረጠው ግን ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ቀለሙ ላብ በነካው እጅ ይዝረከረካል፣ አልያም ባለቤቱ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ከማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካላመጣህ አናትምም» ይላል።

እዚህ የምንመዝናቸው ከስድስት ኪሎ ጀምሮ በአራት ኪሎና በፒያሳ በኩል እስከ ብሔራዊ ቴአትርና ስታዲየም ድረስ ያሉትን ነው። ታፔላ እየጠራን አንሄድም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ቤት ቦታ ቀይሯል፤ ዛሬ የጠቆምነው ፎቅ ነገ ላይገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ዋጋውንም ጥራቱንም የሚወስነው ማሽኑ ስለሆነ በማሽን መለየቱ ይበጃል። ዋጋም በብር አንጽፍም፤ የወረቀት ዋጋ ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ አይጠብቅም።

ከማሽኑ በፊት ግን የደብዳቤው ጉዳይ ይቅደም፤ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ እሱ ነው።

ደብዳቤ የሚጠይቁ ቤቶች ክፉ አስበው አይደለም። «ማኅበር»፣ «ምርጫ»፣ «አመራር» የሚሉ ቃላት አንድ ገጽ ላይ ሲያዩ ነገ ጣጣ እንዳይመጣባቸው ይሰጋሉ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ፋይል ውስጥ ካስቀመጡ የተሸፈኑ ይመስላቸዋል። ችግሩ ማኅተሙ ያለው ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነው። በሥልጣን ላይ ያለው ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አዲስ ተወዳዳሪ ደብዳቤ አምጣ ሲባል እንግዲህ «ከተፎካካሪህ ፈቃድ ይዘህ ና» መባሉ ነው። ነባሩ አመራር ደግ ከሆነ ይፈርማል፤ ካልሆነ «ረቂቁን እንየው» ይላል፣ ሦስተኛው አንቀጽ ይውጣ ይላል፣ ሰኞ ተመለስ ይላል፤ እሑድ ጉባኤው ይደረጋል።

ሕጉ ይህን አይጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማኅበር ስብሰባና ምርጫ ሥርዓት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲወሰን ይተዋል እንጂ የዕጩን ቅስቀሳ ማኅበሩ አስቀድሞ ያጽድቅ የሚል ድንጋጌ የለውም። ሕገ መንግሥቱም ሐሳብን የመግለጽ መብትን በአንቀጽ 29፣ የሠራተኞችን የመደራጀት መብት በአንቀጽ 42 አስፍሯል። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመግባት በፊት የማኅበሩን ደንብ ማንበብ ይቀድማል፦ የቅስቀሳ ጊዜ ይገድባል? በራሪ ወረቀት መቼ መበተን ያቆማል ይላል? ደንቡ ዝም ካለ የማተሚያ ቤት ባለቤት ደንብ ሊያወጣ አይችልም።

በዚህ ነገር ሌላ አገር የሄደበትን ርቀት ማየት አይጎዳም። በአሜሪካ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የሠራተኛ ማኅበራት አመራር ሕግ ዕጩው ወጪውን እስከ ቻለ ድረስ ማኅበሩ ተመጣጣኝ የሆነ ጥያቄውን ተቀብሎ የቅስቀሳ ወረቀቱን ለአባላት በፖስታ እንዲልክለት ያስገድዳል። የሥራ ሚኒስቴራቸው ደንብ ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ ማኅበሩ ወረቀቱን ከመላኩ በፊት «ላንብበው» ማለት አይችልም፣ ሌላውን ዕጩ የሚነቅፍ ቃል ቢኖርበት እንኳ መቁረጥ አይችልም። በ1991 እ.ኤ.አ. የንግድ መርከብ መኮንኖች ማኅበር «ዕጩዎች በጉባኤ ሳይሰየሙ ወረቀት አናሠራጭም» የሚል የራሱን ደንብ ይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄዶ ተረትቷል። የዚያ አገር ሕግ እዚህ አይሠራም፤ ከማተሚያ ቤት ባለቤት ጋር ሲከራከሩም አይጥቀሱት። ነገር ግን «ላንብበው» የሚለው ቃል የዋህ ጥያቄ አለመሆኑን ያሳያል።

በዚህ መስፈርት ጥሩ ቤት የምንለው የአሳታሚውን መታወቂያ ኮፒ ይዞ፣ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «የጽሑፉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አስፈርሞ የሚያትመውን ነው። እንዲህ የሚሠሩ አሉ። ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋ ሳይሆን «ደብዳቤ ትጠይቃላችሁ?» ይሁን፤ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ መጠየቅ ውድ ነው።

አሁን ወደ ማሽኖቹ።

የስድስት ኪሎ ኮፒ ቤቶች ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ተደርድረዋል፤ የተማሪ ሥራ ስለለመዱ ፈጣኖች ናቸው፣ ደብዳቤ የሚባል ነገርም አያውቁም። ለሃምሳ ለመቶ ቅጂ ከእነሱ የሚሻል የለም። ድክመታቸው ቶነሩ፣ ማለትም የማሽኑ የዱቄት ቀለም ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያባዛ ውሎ ቶነሩ በተደጋጋሚ የተሞላ ካርትሬጅ ሲሆን ገጹ ዳር ላይ ግራጫ ጥላ ይወርዳል፣ እንደ ጨ፣ ጬ፣ ጿ ያሉ እግርና ቀለበት የበዛባቸው ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። መድኃኒቱ ፊደሉን ከ12 ነጥብ አለማሳነስ ነው። ኮፒ ከኮፒ አያስነሡ፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው ይጠቁራል፤ ከፋይሉ የወጣውን የመጀመሪያ ገጽ ዋና አድርገው ይያዙ። አንዳንድ ጠባብ ቤቶች ደግሞ ሌዘር መስሎ የሚታይ፣ ጎኑ ላይ ቀለም የሚሞላበት ኢንክጄት ማተሚያ ነው ያላቸው። ርካሽ ነው፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ ሳለ ያምራል። ቀለሙ ግን ውኃ ሲነካው ይሸሻል፤ ክረምት ላይ ከፋብሪካ በር ላይ ለሚበተን ወረቀት አይሆንም። መለያው ቀላል ነው፤ ጣትን አርጥቦ ጽሑፉን ማሸት። ሌዘርና ኮፒ አይንቀሳቀስም።

ከሁሉ የምናስቀድመው ማባዣ ማሽን ያላቸውን ቤቶች ነው። ሪዞ ይሉታል፤ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት የሚያባዙበት ነው። መልኩ እንደ ኮፒ ማሽን ነው፣ አሠራሩ ግን ሌላ፦ ገጹ መጀመሪያ ማስተር በሚባል ስስ ሽፋን ላይ ይበሳል፣ ሽፋኑ ቀለም በተሞላ ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ ወረቀቱ ከሥሩ እየሮጠ ያልፋል። ሙቀት የለም፣ ቶነር የለም። በደቂቃ መቶ ገጽ እና ከዚያ በላይ ያወጣል። ሒሳቡም ከዚሁ ይመጣል፤ ዋጋው ያለው ማስተሩ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቅጂ ከኮፒ በጣም ያንሳል። ሃያ ቅጂ ለሚፈልግ ሪዞ ኪሳራ ነው፤ ሦስት መቶ ለሚፈልግ ግን የሚወዳደረው የለም።

ወረቀቱን እንዲህ ያስሉት። የማኅበሩ አባላት 320 ቢሆኑ፣ ለጠፋና ለተበላሸ ጨምረው 350 ይበሉ። ኤ4 ገጽ ላይ ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢቆርጡት ኤ5 ይሆናል፤ 350 በራሪ ማለት እንግዲህ 175 ቅጠል ነው። አሥር ቅጠል ለሙከራ ይጨመር። ከአንድ ደስጣ፣ ማለትም ከ500 ቅጠል፣ ከግማሽ በታች ነው የሚሄደው፤ ቀሪውን ወረቀት ያስመልሱ፣ ወይም ወረቀቱን ራስዎ ገዝተው ይምጡና የማባዣውን ብቻ ይክፈሉ። ይህን የሚፈቅድ ቤት ታማኝ ቤት ነው። 80 ግራም ወረቀት ይበቃል፤ ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። 70 ግራሙ በሁለቱም ገጽ ሲታተም የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ያሳያል።

ሪዞም አመል አለው። የመጀመሪያዎቹ አምስት እስከ አሥር ቅጂዎች ፈዘው ይወጣሉ፤ እነዚህን ከቁጥር አስወጡልኝ ይበሉ። ቀለሙ በሙቀት ስለማይጠበስ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጀርባውን ወዲያው ማተም የፊቱን ገጽ በሮለር አሻራ ያቆሽሸዋል። ጠዋት ፊቱን፣ ከሰዓት ጀርባውን ማለት ነው ትክክለኛው። ሰፊ ጥቁር ሜዳ፣ ማለትም ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ፣ ለሪዞ መርዝ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ጨርሶ አይሞክሩት፣ አይደርቅም። ሁለት ቀለም ከፈለጉ ከበሮው መቀየር አለበት፤ ቀይ ከበሮ ያለው ቤት ደግሞ ብዙ አይደለም። ለርእሱ ቀይ አማረኝ ካሉ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ በጥቁር ማተም ያንኑ ያህል ዓይን ይስባል። ቢጫው ይሻላል፤ ሮዝ ላይ ፎቶ ይታመማል።

ስለ ማስተሩ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሥራው ካለቀ በኋላ ማስተሩ ከበሮው ላይ እንደ ተጠመጠመ ይቀራል፤ ቀጣዩ ሥራ እስኪመጣ ማንም አዝራር ተጭኖ ተጨማሪ ቅጂ ሊያወጣ ይችላል። ማሽኑ ለፈተና ወረቀት ተብሎ የተሠራ የምስጢር ቁልፍ አለው፤ ማስተሩን አውጥቶ ባዶ ያስገባል። ሠራተኛው ያንን እንዲጫን ይጠይቁ። ተፎካካሪ ዕጩዎች አንድ ቤት መግባታቸው ብርቅ አይደለም፣ ከተማው ሰፊ ቢሆንም ጥሩ ሪዞ ያለው ቤት ጥቂት ነው። በዚያው ፍላሽ ይዘው ከሄዱ ፋይሉ ከዴስክቶፑ መሰረዙን፣ ከሪሳይክል ቢንም መውጣቱን ቆመው ይዩ። ፍላሹ ቤት ሲደርስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቢገኝ አይገረሙ፤ ከኮፒ ቤት የሚወጣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። የተበላሹትን ቅጂዎችም ለቅመው ይውሰዱ፤ አለዚያ በማግሥቱ የቆሎ መጠቅለያ ሆነው ያገኟቸዋል።

ባለ ቀለም ዲጂታል ማተሚያ ያላቸው፣ መስታወት በር ያለው ቢሮ የከፈቱት፣ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፎቆች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ዲዛይነር አላቸው፣ ቡና ይጋብዛሉ፣ ደብዳቤ የሚጠይቁትም በብዛት እነሱ ናቸው። የሚያቀርቡት 130 ወይም 150 ግራም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። ለሠርግ ጥሪ የሚያምረው ለማኅበር ምርጫ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አባሉ አጥፎ ኪሱ ሲከተው ቶነሩ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስልክ ቁጥሩ እዚያ ላይ ካረፈ ጠፋ። ሁለተኛው የባሰው ነው፤ በአብረቅራቂ ወረቀት የመጣ ዕጩ «ገንዘቡን ማን ሰጠው?» ይባላል። ፈረቃ ወጥቶ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ የወረቀቱን ውፍረት በጣቱ ለክቶ አስተዳደሩ ከጀርባ አለ ብሎ ይደመድማል። ሊሳሳት ይችላል፤ ወሬው ግን ከበራሪው ይቀድማል።

ጥርጣሬው መነሻ የሌለው አይደለም። በአዋጁ አንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት አሠሪ ሠራተኛን በማኅበር ምርጫ ለአንድ ዕጩ ድምፅ እንዲሰጥ ወይም እንዳይሰጥ ማስገደድ የተከለከለ ተግባር ነው። የአሜሪካው ሕግ ደግሞ የአሠሪም የማኅበሩም ገንዘብ ማንንም ዕጩ ለማስመረጥ እንዳይውል ይከለክላል፤ የቢሮ ኮፒ ማሽንና ወረቀት መጠቀምም እንደ ገንዘብ ይቆጠራል። እዚህም ቢሆን በድርጅቱ ኮፒ ማሽን ሃምሳ ቅጂ ማውጣት ቀላል ቢመስልም ተቃዋሚ ማስረጃ አድርጎ የሚይዘው ነገር ነው፤ የራስን ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኝ መያዝ ይሻላል። ደረሰኙ የካሽ ሬጅስተር ይሁን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ተለይቶ ይታይ። ሲጠየቁ «ያለ ደረሰኝ እንቀንስልህ» የሚሉ ቤቶች አሉ፤ ለዕጩ ይህ ቅናሽ አይደለም። በሞባይል ገንዘብ ሲከፍሉም ከራስዎ ስልክ ይክፈሉ፣ የመልእክቱን ፎቶ ያስቀምጡ።

ኦፍሴት ማተሚያዎችን በአጭሩ እንለፋቸው። አራት ኪሎ ያለው፣ በ1914 የተመሠረተው ብርሃንና ሰላምም ሆነ ሌሎቹ ትልልቅ ቤቶች ለጋዜጣና ለመጽሐፍ የተሠሩ ናቸው። ኦፍሴት ፕሌት፣ ማለትም ገጹ የሚቀረጽበት የብረት ሳህን ይፈልጋል፣ ማሽኑ ቀለምና ውኃውን እስኪያስተካክል ብቻ የሚባክነው ወረቀት የአንድ አነስተኛ ማኅበር ሙሉ በራሪ ያህል ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሺህ ቅጂ በታች አይሂዱበት። ፌዴሬሽን ደረጃ የሚወዳደር፣ በየከተማው አባል ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያስፈልገውም። የስታዲየም ዙሪያ ባነርና ቲሸርት ቤቶችም እንዲሁ፤ ሥራቸው ጥሩ ነው፣ ዕጩ ግን ባነር ምን ያደርግለታል? የድርጅቱ አጥር ላይ አይሰቀልም።

ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ሥራውን በብዛት የሚያበላሸው ፊደሉ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማተሚያ ቤቱን ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ካካተተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጻፈ ፋይል የትም ይከፈታል ተብሎ ይታሰባል። ሦስት ነገር ግን ያሰናክላል። የመጀመሪያው የድሮ ፎንት ነው፤ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቆየው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የማኅበሩ አሮጌ ደንብ ወይም ደብዳቤ ላይ ቆርጠው ከለጠፉ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ይህን ማስተካከል እንደገና ከመጻፍ አይፈጥንም። ሁለተኛው፣ ዲዛይነሩ ጽሑፉን ኮረል ወይም ፎቶሾፕ ውስጥ ለጥፎ ለርእሱ የላቲን ፎንት ሲመርጥለት ነው፤ ፎንቱ ውስጥ የአማርኛ ፊደል ስለሌለ ሳጥን ይደረድራል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ያልፋል፦ በኒያላ የተጻፈው በሌላ ፎንት ሲከፈት የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ አንድ ገጽ የነበረው አንድ ገጽ ከሁለት መስመር ይሆናል፣ የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ የስልክ ቁጥሩና የምርጫው ቀን የተጻፈባት ናት።

ለሦስቱም መፍትሔው አንድ ነው፤ ከቤት ፒዲኤፍ አድርጎ መሄድ። ፒዲኤፉን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍተው ይዩት፤ እዚያ ከታየ ማተሚያ ቤትም ይታያል። የዎርዱን ፋይልም ለማንኛውም ይያዙ፣ አንድ ቃል ለማረም ያስፈልጋል። አራት ነጥብ ሲጽፉ ከፊቱ ክፍተት አይተዉ፤ ክፍተት ካለ መስመሩ ሲሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የጸሐፊውን ቸልተኛነት እንደዚህ የሚያሳብቅ ነገር የለም። ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰልም ይቅር። ዳር ዳሩን ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፤ ማሽኖቹ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ አያትሙም፣ መቁረጫውም ትንሽ ይስታል።

ፎቶ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ይደርሳል፤ እንደ ፋይል ይላክ። አራት በአምስት ሴንቲ ሜትር ለሚወጣ ፎቶ በግምት 470 በ590 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ማንኛውም ስልክ ከዚህ በላይ ያነሣል። በጥቁርና ነጭ ስለሚታተም ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ብርሃን ከፊት እየመጣ ይነሡ። ጥቁር ኮት በጥቁር መጋረጃ ፊት ለብሰው የተነሡት ሪዞ ላይ ጭንቅላት ብቻ ይሆናሉ።

ስም። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንደሚጻፈው ሆሄው ሳይቀር አንድ ዓይነት ይሁን። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሃይ በአንባቢ ዘንድ አንድ ናቸው፤ ድምፅ ቆጣሪ ዘንድ ክርክር ናቸው፣ በተለይ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ዕጩዎች ካሉ። የአባትና የአያት ስም ይጨመር፣ የሥራ ክፍሉም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ፦ «እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት»። ዲዛይነሩ ከስልኩ ካላንደር ገልብጦ 14፡00 ብሎ የጻፈበት ወረቀት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ያመጣል።

አርማ። አንዳንድ ዲዛይነር ለማሳመር ብሎ የማኅበሩን ወይም የኢሠማኮን (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን) አርማ ከኢንተርኔት አውርዶ ከላይ ይለጥፋል። ያስወጡት። አርማና ማኅተም ማኅበሩ ዕጩውን የደገፈ ያስመስላል፣ ምርጫውን ለማሰረዝ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀለለ ክስ አይገኝም። በምትኩ ከግርጌ በትንሽ ፊደል «በዕጩው ወጪ የታተመ» ይባል።

ከዲዛይነሮች አገልግሎት ሁሉ እጅግ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው ግን «ናሙና አለን» የሚሉት ነው። ከዚህ ቀደም የታተመ የሌላ ማኅበር በራሪ ከኮምፒውተራቸው አውጥተው ስሙን ብቻ ይቀይሩልዎታል። አንዳንዱ ናሙና የተጻፈው የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በሥራ ላይ በነበረ ጊዜ ነው። እዚያ ላይ የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ዕረፍት 14 የሥራ ቀን ይላል፤ አሁን 16 ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየታከለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን አንድ ከሩብ፣ በሌሊት አንድ ተኩል ይላል፤ አሁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 አንድ ነጥብ 75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ነው። የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን የሚለውም ወደ 120 ከፍ ብሏል፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። «ብትመርጡኝ የትርፍ ሰዓቱን አንድ ተኩል አስደርገዋለሁ» ብሎ ሕጉ አስቀድሞ የሰጠውን ቃል የገባ ዕጩ በሻይ ዕረፍት ያልቅለታል። ጽሑፉን ከናሙና አያስገልብጡ፤ የኅብረት ስምምነቱን አንቀጽ እየጠቀሱ፣ ከሕጉ በላይ ምን እንደሚጠይቁ ይጻፉ።

ነባሩን አመራር መንቀፍ ይቻላል? ይቻላል፣ ለምርጫ የሚወጣ ወረቀት ሥራው ያ ነው። «የመዋጮው ሒሳብ ለጉባኤ አልቀረበም» ማለት ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ይጻፉት። «ሌባ ነው» ማለት ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ኃላፊነት ያስከትላል፤ እውነትነቱን ያስረዳ፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በስተቀር፣ በቁጥር 2047 መሠረት አይጠየቅም። ስለዚህ መለኪያው ማስረጃ ነው። ብሔርንና ሃይማኖትን ያነሣ ነቀፋ ደግሞ ከማኅበር ጉዳይ ወጥቶ የጥላቻ ንግግርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥር ሊወድቅ ስለሚችል ጨርሶ አይግባ። ጥሩ ማተሚያ ቤት እነዚህን ሁለት ነገሮች አይቶ ይጠቁማል፤ ከዚያ ያለፈ አርትዖት ካደረገ ሥራው አይደለም። መወዳደርም ሆነ የሠራተኞች ተወካይ ሆኖ መሥራት ከሥራ ለመሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል፤ ይህችን መስመር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ማተም ለፈሩ ደጋፊዎች ይጠቅማል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ጉባኤው እሑድ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ፋይሉ ይግባ፣ ሐሙስ ከሰዓት አንድ የሙከራ ቅጂ ይታይና ይፈረምበት፣ ዓርብ ይወሰድ። ቅዳሜን ለመብራት መጥፋት ይተዉት። ጄኔሬተር አለን የሚሉ ቤቶች ጄኔሬተሩ መብራትና ኮምፒውተር ያስነሣላቸዋል፣ ኮፒ ማሽኑን ግን ላያስነሣ ይችላል፤ ማሞቂያው ብዙ ኃይል ይጎትታል። ሪዞ ማሞቂያ ስለሌለው በአነስተኛ ጄኔሬተር ይሠራል፤ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ለእሱ።

ሲረከቡ ከላይ ያለውን አይተው አይሂዱ። ከመሀልና ከሥር አንዳንድ ያውጡ፣ በአውራ ጣት ይሹት፣ ጀርባውን ይዩ። ቁጥሩን አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም፤ 80 ግራም የሆነ አንድ ኤ5 ወረቀት ሁለት ግራም ተኩል ይመዝናል፣ 350ው እንግዲህ 875 ግራም ነው። ጎረቤት ያለው ሱቅ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ከ860 በታች ካሳየ ተመልሰው ይግቡ።